የሰኔ ጥላ

እንዳላማው ፀሐይን በጣቱ ማዞር የተማረው ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ ጋሽ ጌቱ የቤት ፕላን በሚያሠሩባት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ዘመኑ 2008 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት ነበር። ያስተማረችው ፀደንያ ናት። «ፀሐይዋን አዞርኩ ይላል እንጂ የዞረውስ የሱ ራስ ነው» እያሉ ጋሽ ጌቱ ይቀልዱበት ነበር፤ አልተሳሳቱም።

ከዚያ በፊት እንዳላማው የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ በድራፍቲንግ ከተመረቀ ጀምሮ ግድግዳ ለሱ ሁለት መስመር፣ በር ደግሞ ሩብ ክብ ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው። ነገር ግን ቤት አሠሪዎቹ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዩና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው ይሄዳሉ። ፀደንያ ግን አዲስ አበባ አርክቴክቸር ተምራ፣ አገሬ ይሻለኛል ብላ ተመልሳ ማዘጋጃ ቤት የተቀጠረች ናት። በሥራ ስትመጣ ስትሄድ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን ፊቱ ከፈተችና «ሉሚዮን ታውቃለህ?» አለችው።

«ሉማሜን ነው?»

ሳቀች። ሉማሜማ የሷው አገር ነው። «ሉማሜን ሌላ ቀን አሳይሃለሁ። ዛሬ ሉሚዮንን ተማር።» ያቺ «ሌላ ቀን» ያለቻት ቃል ከትምህርቱ ሁሉ ቀድማ ልቡ ውስጥ ገባች።

ሉሚዮን የሚባለው ፕሮግራም የተሣለውን ቤት ተቀብሎ በቁሙ ያሳያል። ግድግዳውን ድንጋይ ታለብሰዋለህ፣ ግቢውን ሣር ትዘራበታለህ፣ ከዚያ ፀሐይዋን በማውዝ ስትጎትታት ጥላው ዓይንህ እያየ አብሮ ይዞራል። እንዳላማው ድሮ በሌላ ፕሮግራም አንዲት ምስል ለማውጣት ኮምፒውተሩን አሳድሮ ጠብቆ፣ መብራት ሲሄድበት እጁን አጨብጭቦ የቀረ ሰው ነው። አሁን ግን ፀሐይ በእጁ ናት። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሕፃን ሆነ። ምሥራቅና ምዕራብ እያመላለሳት ይስቅ ነበር።

«ቀስ በል። ፀሐይ በጥድፊያ አትወጣም» አለችውና እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ማውዙን ያዘች። ቀስ ማለትስ ያን ጊዜ መጣ። እጇን ካነሳች በኋላም እሱ ማውዙን ለማንቀሳቀስ ፈራ።

ስህተቱ ብዙ ነበር። ዛፍ በአንድ ጊዜ ሲበትን ዝግባው ሳሎን ውስጥ በቀለ። የፕሮግራሙ ሰዎች ደግሞ ሁሉም ፈረንጆች ናቸው። አንድ ቀን ሳያስተውል ቁምጣ የለበሰች ሴት ከነውሻዋ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አቆመ። ፀደንያ እስክታነባ ሳቀችና «አባዬ ይህን ቢያዩ ሁለታችንንም ያወግዙናል» አለችው። «ሁለታችንንም» ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሳቁ ሳያልቅ ቆመ። ሁለቱም ውሻውን ረሱት።

* * *

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ከሉማሜ ወጣ ብላ ባለችው በወይራምባ ኪዳነ ምሕረት የቅኔ መምህር። አገሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። የእንዳላማው እናት ደግሞ አሰገደች ናት፤ ከገበያው ጀርባ፣ በሯ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋባት፣ ጠላ ሻጭ። በነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ በመኪና ሩቅ አይደለም። በሌላ ሌላው ግን ሩቅ ነው፤ የጠላ ሻጭን ልጅ ወደ ቅኔ መምህር ቤት አማች አድርጎ የሚያስገባ ሽማግሌ ጎጃም ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

የኔታ አንድ ጊዜ ልጃቸውን ፍለጋ ቢሮው መጥተው ነበር። እንዳላማው ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአሰገደች፣ የኔታ።»

«የትኛዋ አሰገደች?»

«ጠላ የምትሸጠው።»

«እህ» አሉ የኔታ፤ መነጽራቸውንም አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ያቺን «እህ» እንዳላማው ይዟት አደረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን ይዟት አደረ።

ሆኖም ተስፋ ነበረው። የወይራምባ ምዕመናን ለቅኔ ተማሪዎች አዳራሽ ሊሠሩ አስበዋል። ተማሪዎቹ በሣር ጎጆ እያደሩ፣ ትምህርታቸውን ሜዳ ላይ ነው የሚሰሙት። ፕላኑን ፀደንያ ሣለች፣ ምስሉን እንዳላማው ሊሠራ ተስማሙ። ምስሉ ሰኔ 21 ቀን፣ በሕንጸተ ቤታ በዓል፣ ለሕዝቡ ሊታይ ነው። እንዳላማው በልቡ «መጀመሪያ ሥራዬ በየኔታ ቤት ይግባ፣ ሽማግሌው ይከተላል» ብሎ ወሰነ። ለፀደንያም ነገራት። እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችው። ያ ለሱ መልስ ነበር።

ተጠበበበት። የፕሮግራሙን ፈረንጆች አባሮ፣ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎችን ፎቶ አንሥቶ ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። ፀሐይዋንም ወዲያ ወዲህ ጎትቶ፣ ጥላው እጅግ ያማረበት ቦታ ላይ አቆማት። በረንዳው ጥላ ውስጥ ገባ፤ አግዳሚዎቹን እዚያ ደረደራቸው። ከሥሩ «በሰኔ ቀትር» ብሎ ጻፈበት። ፀደንያ የታተመውን ምስል ጠቅልላ ቅዳሜ ወደ አገሯ ስትሳፈር፣ በሚኒባሱ መስኮት አሻግራ ያየችው አስተያየት ከሳምንት ደመወዝ ይበልጥበት ነበር።

* * *

እሑድ ከሰዓት መልእክቷ መጣ። የስልኳ አማርኛ ስለማይሠራ ፀደንያ የምትጽፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የጊዜው ወጣት ሁሉ እንዲያ ነው የሚጻጻፈው። እንዳላማው አነበባት፦

«አባዬ አዩት። ጠላህን አልወደዱትም።»

ደግሞ አነበባት። ሊደውል ሞከረ፤ የወይራምባ ኔትወርክ መጣ ሲሉት የሚጠፋ ነው፣ አልገባለትም። እንግዲህ የኔታ ሥዕሉን አይተው፣ ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለውን የጠላ ቤት ነው ያዩት። ይኸውና «እህ» የምትለዋ ቃል ተፈታች። ይልቅ ያመመው ሌላ ነው፤ ይህን ቃል ተቀብላ፣ ሳታለሰልስ፣ የላከችለት ፀደንያ መሆኗ። ስልኩን አጠፋው። እጁ ላይ የቀረውን የምስሉን ሌላ ቅጂ ጨምድዶ ጓሮ ወረወረው።

ማታ እናቱ ጌሾ ስትወቅጥ አጠገቧ ቆመ።

«እማ፣ ይሄን ጠላ ተይው በቃ።»

«ጠላዬ ምን አደረገህ?»

«እኔን ምንም። ሰው ነው የሚያወራው።»

«ሰው እኮ ጠጥቶ ነው የሚያወራው» አለች አሰገደች፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እሱ ግን አልሳቀም። «የፀደንያ አባት ናቸው» አላት። አሰገደች ሙቀጫውን ያዝ አደረገችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቆይታ መውቀጧን ቀጠለች፤ ምቷ ግን ለስላሳ ሆነ፤ የታመመ ሰው እንዳይሰማባት የፈራች ትመስል ነበር። እንዳላማው ቃሉን መልሶ መዋጥ ቢችል ያን ጊዜ በዋጠው።

በማግሥቱ ፀደንያ ፊቷ ፈክቶ ቢሮ ገባች።

«ስልክህን ምን ነካው? አባዬ ያሉትን አየኸው አይደል? ቶሎ አስተካክለውና ከበዓሉ በፊት እናድርስ።»

እንዳላማው ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። «የሚስተካከል ነገር አይደለም።»

«ቀላል ነገር እኮ ነው።»

«ላንቺ ይቀላል። እኔ የተወለድኩበት ነው።»

ፀደንያ ግራ ገባት። «አንድ ስህተት ሲነገርህ እንዲህ ትሆናለህ ብዬ አላስብም ነበር።»

«ስህተት ነው ያልሽው?» ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እንግዲያው ስህተት የሌለበት ሰው ፈልጉ። ምስሉንም ሌላ ይሥራላችሁ።»

 ፀደንያ ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ ያስተማርኩት ሰው ታጋሽ ነበር» አለችና ወጣች። ጋሽ ጌቱ ከወዲያ ጠረጴዛ ሳል ሳል አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልዱበት ነገር አጡ።

* * *

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ለአፍታ ዝናቡን ገታ ባደረገበት ሰዓት፣ የኔታ አካለ ወልድ ጥላቸውን አጥፈው በአሰገደች በር ገቡ። ፀደንያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከኋላቸው ናት። እንዳላማው ከሰኞ ወዲያ ሥራ አልገባም፤ ጋሽ ጌቱ ናቸው ቤቱን ያመለከቷቸው። ጠጪዎቹ ብድግ አሉ። አንደኛው ጣሳውን ከጋቢው ሥር ደበቀ።

አሰገደች ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እንዳላማው ከጓዳ ወጣ።

«ልጄ፣ ጥላህን አስተካክል ብዬ ብልክብህ ጠፋህሳ?» አሉ የኔታ።

«ምኔን አሉኝ?»

«ጥላህን። የሥዕሉን ጥላ።»

እንዳላማው የፀደንያን ፊት አየ፣ የየኔታን ፊት አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን ከፈተና ለፀደንያ ሰጣት። ፀደንያ አንዴ አነበበች። ሁለተኛ ስታነብ እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«እንዳላማው፣ አንተ... ጠላ ብለህ ነው ያነበብከው?»

«ሌላ ምን ልበለው?»

የኔታ ነገሩ እስኪገባቸው ፀደንያ አስረዳች፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጥላም ጠላም አንድ ዓይነት መሆኑን። የኔታ ጢማቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪናጥ ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ።

«ፊደል እስከ ሰባት የምታስቆጥር አገር ልጆች፣ የሰው ፊደል ተውሳችሁ ተጣላችሁ። ሳድሱን «ጥ» ግዕዝ «ጠ» አድርገህ አነበብኸው፣ ልጄ። ለዚህ እኮ ነው ተማሪ በንባብ የሚገረፈው።»

ጠጪዎቹም ሳቁ። እንዳላማው ግን አልቻለም፤ እናቱን እያየ ነበር። የኔታም አዩዋት፤ ሳቃቸውም ቆመ።

«ነገር ግን በዚህ ቤት ቆሜ አልዋሽም» አሉ። «ጠላውንም አልወደድኩትም ነበር። ያን ቀን የማን ልጅ ነህ ብዬ ስጠይቅህ ልቤ ውስጥ የገባው የሰካራም ጩኸት ነው።»

 የኔታ ዓይናቸውን ሲያነሱ ከጋኖቹ በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ፣ የተጨማደደ ወረቀት ተዘርግቶ ተለጥፎ አዩ። እንዳላማውም ያየው ገና አሁን ነው። ጓሮ የወረወረው ምስል ነበር። አሰገደች አንሥታ፣ በመዳፏ አስተካክላ፣ በዱቄት ሊጥ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ» አለች አሰገደች።

«ጠላሽን ጠሉ ተብለሽ ሳለ?»

«ጠላው የኔ ነው። ቤቱ የኪዳነ ምሕረት ነው። ምን አገናኛቸው?»

«እሱ ከተሰቀለ ወዲህ እዚህ ቤት ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው፣ የኔታ» አለ ጣሳውን የደበቀው ሰውዬ። «አምርረህ ተሳደብክ ብላ ትናንት አስወጥታኛለች።»

 የኔታ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አሰገደች የምታደርገው ቢጠፋት አንድ ብርጭቆ አጥባ ቀዳችላቸው።

«ጾም ነው፤ ሰዓቴን ልየው» አሉና ወደ ግቢው ወጡ። ሁሉም ተከተሏቸው። የኔታ ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ የጥላቸውን ጫፍ በበትራቸው ምልክት አድርገው በጫማቸው ሰፈሩት። የጾምን ሰዓት የሚያውቁት እንዲያ ነው፤ አባቶቻቸውም እንዲያ ነበሩ።

«ገና ነው፤ ሁለት ጫማ እንኳ አልሞላም። ና፣ አንተም ቁም። ጥላህ ወዴት ወደቀ?»

እንዳላማው ቁልቁል አየ። በተወለደበት ግቢ ቆሞ፣ በሰኔ ቀትር፣ ጥላውን ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር። «ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ በኩል።»

«ሰኔ ፀሐይ በሰሜን፣ በጮቄ ተራራ በኩል ናት፣ ጥላ ዓባይ ይወርዳል። ጥር ሲሆን ይገለበጣል። አንተ በሥዕሉ ፀሐይዋን ዓባይ አስቀምጠህ፣ አግዳሚውን በጮቄ በኩል ደረደርህ። ግንቦት ሲመጣ ተማሪዎቼ ቅኔ ሊዘርፉ ነው ሊጠበሱ?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ፀደንያ። «ፀሐይዋን እንዳማረህ አድርግ ብዬዋለሁ። እኔም አላስተዋልኩም።» ጥላዋ ከእንዳላማው ጥላ አጠገብ ወድቆ ነበር። የኔታ ያን አዩና፣ ምልክታቸውን የሚያርሙ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

«ስልክህን ስትዘጋው፣ ስህተትህን ስለነገርኩህ የተውከኝ መሰለኝ» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔ ደግሞ በእናቴ የናቅሽኝ መሰለኝ። ፀደንያ፣ እወድሻለሁ። ይህን በምን ፊደል ብጽፈው ነው የማይሳሳት?»

«አትጻፈው» አለች። «እንዲህ ቆመህ ንገረኝ።»

ወደ ቤት ተመለሱ። የፀደንያ ላፕቶፕ ከጋኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተከፈተ፤ ጠጪዎቹ ከበቡ። እንዳላማው ማውዙን ይዞ ፀሐይዋን ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ከዓባይ ወደ ጮቄ ጎተታት። ጥላው ከበረንዳው ወጣ፣ ጣሪያውን ዞረ፣ በወዲያኛው በኩል ተኛ። አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጥላው አሻገራቸው። የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ኢያሱ ፀሐይን አቆመ» አሉ። «አንተ ደግሞ ታመላልሳታለህ። እንግዲህ በልክ አድርገው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲጠጋ የኔታ እንደገና ወጥተው ጥላቸውን ሰፈሩ። ሲመለሱ መደቡ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። «ጥላዬ ደርሷል፤ ጠላሽን አምጪ።» አሰገደች እስኪፈስ ሞልታ ቀዳችላቸው። የኔታ ባርከው ጠጡ፣ ብርጭቆውንም እስከ አተላው አደረሱት። አሰገደች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እንዳላማው ያን ምሽት እጇን ይዞ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን ይቅርታውን እንደ ጨረሰ ወዲያው ውኃ እንዲቀዳላት ላከችው። የእናት ይቅርታ እንዲያ ነው።

* * *

የሕንጸተ ቤታ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሕዝቡ በአዲሱ ምስል እልል ብሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ከወይራምባ የፀደንያ መልእክት መጣ። አሁንም በላቲን ፊደል ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ እንዲመጡ የኔታ ፈቅደዋል። ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር ላይ እንዳላማው ቆመ። ይዘው ይምጡ ይላል። ጥላ ነው ጠላ?

ሊደውል ስልኩን አነሣ፣ ተወው። ወጥቶ ለእናቱ አነበበላት፤ ሁለቱንም ንባብ አነበበላት።

አሰገደች ደመናውን አየች። ዞራ ደግሞ ተይው ባላት ሰሞን ሳትሰማው የጠነሰሰችውንና አሁን የደረሰውን ጋን አየች።

«ሽማግሌ ጠላ ተሸክሞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም» አለች። «ግን የቅኔ መምህር መቼ አንድ ነገር ብቻ ብሎ ያውቃል? ሁለቱንም ነው የሚይዙት።»

እንዳላማው እየሳቀ እንስራውን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ወረደ፤ ዝናቡ ሲጀምረው እንኳ አልሮጠም።